የመርዶ ነጋሪው እናት

በሲያትልና በአካባቢዋ የምትኖሩ ብዙዎቻችሁ ደረጀን ታውቁታላችሁ። ስሙን ባታውቁት እንኳ ከኤርፖርቱ ወደ ቡሪየን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ጎማ ቤቱን ሳታዩ አትቀሩም። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። የቀብሩ ዕለት ስለ እሱ ጥቂት እንድናገር ተጠይቄ እምቢ ብያለሁ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን አሁን እጽፋለሁ። የምጽፈው የሕይወት ታሪኩን አይደለም፤ ከእናቱ ጋር ስላሳለፍኩት አንድ ምሽትና ስለተከተለው ጠዋት ብቻ ነው።

ኬንት ነው የምኖረው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ስለሚነዳ የሳምንቱን ግማሽ መንገድ ላይ ነው። እኔ ዴ ሞይን እየሄድኩ አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ። ሊዲያ የምትባል ልጅ አለችን። ያኔ ከሥራ፣ ከቤትና ከቤተ ክርስቲያን ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። እዚህ አገር የማውቀውን ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል ያስተዋወቀኝ ደረጀ ነው።

መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት ይዘንብ ነበር። ጎማዬ ተንፍሶ እየተጎተትኩ በሩ ላይ ደረስኩ። ክሪኩን ከመኪናዬ ሥር እየከተተ አገሬ የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ፍቼ ነው አልኩት። ቀና ብሎ ውስጥ ከተቀመጡት የታክሲ ሾፌሮች መካከል በዕድሜ ከፍ ያሉትን ጠራ።

"ጋሽ ከበደ፣ እርስዎም የፍቼ ሰው አይደሉ? እህትዎ መጥታለች፤ ወንበር ይልቀቁላት።"

ከዚያ አራቱንም ጎማ ዞሮ አየና ራሱን ነቀነቀ። "እህቴ፣ ይሄ ጎማ እኮ ከጋሽ ከበደ ራስ ይብሳል" አለኝ። ጋሽ ከበደ ባርኔጣቸውን አውልቀው መላጣቸውን ዳሰሱ። "የእኔ እንኳ በዝናብ አያንሸራትትም" አሉ።

ሱቁ እንዲህ ነበር። ጎማው ያልተበሳበት ሰው ሁሉ ይመጣል። የኤርፖርት ተራ የሚጠብቅ ሾፌር፣ ሥራ የጠፋበት፣ ቤት የሚፈልግ፣ ልጁ አላናግረው ያለችው አባት እዚያ ይቀመጣል። ደረጀ ቡሎን እየፈታ ይሰማል፤ ጎማ እየሞላ ስልክ ይደውላል። "ስማ፣ አንድ ጥሩ ልጅ አለ፣ ነገ ጠዋት ልላክልህ?" ይላል። ኮምፕረሰሩ ስለሚጮህ እሱም ይጮሃል። የሰው ጉዳይ ሁሉ በጩኸት ይነገር ስለነበር እዚያ ሱቅ ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ በምስጢር ይይዝ ነበር፤ እሱም መርዶ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ዘመድ እዚህ ላለው ልጅ አይደውልም። ለደረጀ ይደውላል። ደረጀ ወሬው እውነት መሆኑን ከሌላ ሰው አጣርቶ፣ የሟቹን ልጅ የሚቀርቡ ሰዎች በዚያው ምሽት ይሰበስባል። ሰውዬው ወደ ሥራ ሳይወጣ ጎህ ሲቀድ ይሄዳሉ። መኪናቸውን በሌላ መንገድ ፓርክ አድርገው በእግር ነው የሚመጡት። "አሜሪካ ውስጥ መርዶ የሚያሳብቀው መኪና ነው" ይል ነበር፤ ሰው በመስኮት አይቶ ብቻውን ጮሆ እንዳይወድቅ። ከገቡ በኋላም ወዲያው አይነግርም። ምድጃው መጥፋቱን ያያል፤ ሰውዬው እህል መቅመሱን ይጠይቃል፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መውሰዱን ያጣራል። ከዚያ አጠገቡ ይቀመጣል።

የአባቴን ሞት ያረዳኝ እሱ ነው። አባቴን በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ግን ከእኔ እኩል አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ቤት ሲሄድ እኔን ማስከተል ጀመረ።

"እኔ ምን ብዬ ነው የምናገረው?" አልኩት በመጀመሪያው ቀን።

"አንቺ ምንም አትናገሪ። አጠገባቸው ተቀምጠሽ ያዣቸው። ወሬውን ለእኔ ተይልኝ።"

እንዲህ ሆነን ብዙ ቤት ገባን። እሱ ይናገራል፣ እኔ እይዛለሁ። አብረን ስንመጣ ያየን ሁሉ መርዶ ይመስለው ስለነበር አንዳንዴ የሚያስቅ ነገር ይገጥመን ነበር። አንድ ቅዳሜ ማለዳ አዲስ ለመጣች ሴት የተለገሰ ሶፋ ይዘን እኔና እሱ ከሁለት ሾፌሮች ጋር በሯ ላይ ቆምን። በመስኮት አይታን "እናቴን!" ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ደረጀ በፖስታ ማስገቢያው ቀዳዳ አፉን አስጠግቶ "ሶፋ ነው! እህቴ፣ ሰላም ነው፣ ሶፋ ነው!" እያለ ጮኸ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየን።

እናቱ እማማ አስካለ ከናዝሬት የመጡት እሱ ከመሞቱ ከዓመት ያህል በፊት ነው። ደረጀ አላገባም ነበር። ሊድሩት ነው የመጡት፤ ይህንንም ለማንም አልደበቁም። ከእሱ ሌላ ያላቸው ናዝሬት የምትኖረው ገነት ብቻ ናት። ገነት እዚያ ሲነጋ፣ እዚህ እራት ከተበላ በኋላ፣ በየቀኑ ትደውልላቸዋለች። የልብ ሕመምና የደም ብዛት ስላለባቸው ደረጀ መድኃኒታቸውን በየጠዋቱ ቆሞ ነበር የሚያስውጣቸው። እኔንም እሱንም አንድ ላይ ሲያዩን ይቀልዱብን ነበር። "እናንተ ተከታትላችሁ ከመጣችሁ በሩን አልከፍትም፤ ተናግሬያለሁ" ይላሉ።

ያ ቀን ሐሙስ ነበር። ከዴ ሞይን ወደ ቤቴ እየነዳሁ ሳለ ጋሽ ከበደ ደወሉ። የት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። እየነዳሁ ነው አልኳቸው።

"ፓርክ አድርጊ" አሉኝ።

መንገድ ዳር አቆምኩ።

"አጠገብሽ ሰው አለ?"

"የለም፣ ጋሼ። ማን ነው?"

ከዚያ ደረጀ ጎማ ሲያነሳ ደከመኝ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ውሃ ሊያመጡለት ዞር ብለው ሲመለሱ ራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ እንዳገኙት ነገሩኝ። አምቡላንስ መጥቶ ነበር። ሐኪም ቤትም ደርሷል። "አልሆነም" አሉኝ። ደረጀ ማንንም በስልክ አርድቶ አያውቅም። የእሱን ሞት እኔ የሰማሁት በስልክ ነው።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ስደርስ ሾፌሮቹ ተሰብስበዋል። ትልልቅ ወንዶች መኪና ላይ ተደግፈው ያለቅሳሉ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ "እናቱስ?" አለ። ከመካከላችን አንድ ሾፌር "እንዴ፣ ይሄንማ የሚያውቅ ሰው አለ" ብሎ ስልኩን አወጣ። ጣቱ በልማድ የደረጀን ስም ፈልጎ አገኘ። ሊደውል ሲል ስሙን አየው። ስልኩን እንደያዘ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

በመጨረሻ ጋሽ ከበደ ነገሩን አሰቡ። መርዶው ጠዋት፣ ጎህ ሲቀድ ይሁን አሉ። ምሽት ላይ ከነገርናቸው ሌሊቱን ሙሉ ሊያድሩበት ነው፤ ልባቸው አይችልም። ችግሩ ያ ምሽት ነበር። ልጄ ሊዲያ ደውላ "ማሚ፣ ፒፕል አር ኦልሬዲ ፖስቲንግ" አለችኝ። ፎቶው ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። ገነት ነቅታ ካየችው የመጀመሪያ ጩኸቷን የምታሰማው ለእናቷ ነው። እማማ አስካለ ብቻቸውን ቤት ውስጥ፣ በስልክ፣ መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ሊሰሙት ነው። የሰው ሁሉ መርዶ በወጉ እንዲነገር ሲሮጥ የኖረ ሰው እናቱ እንደዚያ መስማታቸውን ማሰብ አልቻልንም።

"ሰው አብሯቸው ይደር" አሉ ጋሽ ከበደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ምሽቱን በሙሉ ፊቴን እንዴት አድርጌ እንደምደብቅ እንደማላውቅ ነገርኳቸው።

"አንቺ ድሮም ዝም ትያለሽ፤ ለምደውታል። ሌላ ሰው ቢገባ ዝምታው ይናገርበታል።"

"ጠዋትስ?"

"ጠዋት እኔ እናገራለሁ። አንቺ ያዣቸው ብቻ።"

ናዝሬት ያሉ ዘመዶችም ገነትን ቤቷ ሄደው እንዲነግሯት ጋሽ ከበደ ደውለው አደራ አሉ። እኔ ፊቴን ታጥቤ ኬንት ወዳለው ወደ ደረጀና እናቱ ቤት ነዳሁ።

እማማ አስካለ በሩን ከፈቱና ከእኔ ኋላ ሌላ ሰው እንዳለ ግራና ቀኝ አዩ።

"ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ፣ እማማ።"

"እሰይ። እንዲያ ከሆነ ግቢ" ብለው ሳቁ።

ሳሙኝ። ደረጀ ስልክ አላነሳ እንዳላቸው ነገሩኝ። ዛሬ ማታ አይመጣም አልኳቸው። እውነት ነው፤ አይመጣም።

"ደግሞ የማን መኪና ተበላሸ?"

መልስ አልሰጠሁም። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰዱት። ባለፈው ወር አንድ ሾፌር መኪናው ያኪማ መንገድ ላይ ቆሞበት ደረጀ ሌሊቱን ሲጎትት ማደሩን አነሱ። "በሰው ጎማ ሥር እንደተጋደመ ሊያረጅ ነው" አሉ። ባለቤቴ ስለሌለ እሳቸው ዘንድ እንደማድር ስነግራቸው ደስ አላቸው።

እራት አቀረቡ። ከማንሳታቸው በፊት የእሱን ድርሻ በሳህን አውጥተው ሌላ ሳህን ደፉበት። እየበላሁ ዓይኔ ከዚያ ሳህን ላይ አልነሳ አለኝ። እሳቸው ግን ወደ ዋናው ጉዳያቸው ገቡ። ሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምረው ልጅ እንዴት ናት ብለው ጠየቁኝ።

"ጥሩ ልጅ ናት፣ እማማ።"

"ጥርሷ ትንሽ ወጣ ይላል።"

"አላየሁም።"

"እኔ አይቻለሁ። ግን ምን አለበት፣ የእሱስ ጆሮ መች ልኩን ያውቃል?" በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። "አንቺን ይሰማል። ንገሪው እንግዲህ። እኔ ሳልድረው አልመለስም።"

"እሺ፣ እማማ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

እጃቸውን ሊታጠቡ ሲነሱ ስልካቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ አጠፋሁት። መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት። የገነት ሰዓት ሲደርስ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አቀኑ። ጥቂት ጠበቁ። እንደገና ጠበቁ።

"ገነት ዛሬ ምን ሆነች? ሳትደውል ቀርታ አታውቅም።"

"ኔትወርክ ይሆናል" አልኩ። በዚያ ምሽት በአፌ ያወጣሁት ውሸት እሱ ብቻ ነው። ምን እንደሚያመጣ ግን አላወቅኩም ነበር።

ከመተኛታቸው በፊት ለጸሎት ቆሙ። እኔም ከኋላቸው ቆምኩ። ደረጀ ችግራቸውን የነገራቸውን ሰዎች ሁሉ በስም እየጠሩ ጸለዩ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ላለበት ልጅ፣ ለሚስቱ ወረቀት ለሚጠብቅ ሾፌር፣ ልጅ ላጣችው ለአንዲት ጎረቤት። በመጨረሻ "ልጄን ደረጀን ካለበት በሰላም መልስልኝ" አሉ። አሜን እስክል ጠበቁኝ። አሜን አልኩ። ነፍሱን በሰላም ተቀበላት ማለቴ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሲነጋ ዓርብ ነው። ይህንን ከእኛ ማንም አላሰበውም ነበር። እማማ አስካለ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ ያለ እህል ደግሞ መድኃኒቱን አይውጡም። የንስሐ አባታቸው ፈቅደውላቸው እንኳ በየዓርቡ ከደረጀ ጋር ይጨቃጨቁ ነበር። ሰዎቹ እየመጡ ነው። እሳቸው መጽሐፋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

ቁርስ እናድርግ አልኳቸው።

"ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።"

ከልጅነቴ ጀምሮ ዓርብ ጠዋት እህል በልቼ አላውቅም። ዳቦ ቆረስኩና ፊታቸው ቁጭ ብዬ መብላት ጀመርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"አንቺ? ዓርብ ጠዋት?"

"ራበኝ፣ እማማ። ብቻዬን አታስበሉኝ።"

መጀመሪያ ተደነቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። "አንቺ ከበላሽማ እኔ አሮጊቷ ምን ቀረኝ" ብለው ቁራሽ ተቀበሉኝ። መድኃኒታቸውን አቀረብኩ። ዋጡት። ውሃውን እስኪጨርሱ ድረስ አጠገባቸው ቆምኩ።

በሩ ተንኳኳ። ሄጄ ከፈትኩ። መንገዱ ላይ አንድም መኪና የለም፤ ሁሉም ወዲያኛው መንገድ ላይ አቁመው በዝናብ መጥተዋል። ማንም አላዘዛቸውም። ጋሽ ከበደ ከፊት፣ የንስሐ አባታችን ከጎናቸው፣ ከኋላ ነጠላቸውን በካፖርታቸው ሥር የደበቁ ሴቶች። ገቡ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ተመልሼ ገባሁ። እማማ አስካለ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተነሥተው ቆመዋል። የሁላችንንም ፊት አንድ በአንድ አዩ። እኔ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ፤ ከሰዎቹ መሐል ነበርኩ።

"ደረጀስ?" አሉ።

ጋሽ ከበደ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም።

"ፓርክ እያደረገ ነው?"

ይህን ሲሉ ምን እንዳሰቡ ወዲያው ገባኝ። ይህ ቡድን ወደ ሰው ቤት ሲገባ ከፊት የሚገባው ልጃቸው ነው። እኛ ከመጣን እሱ ከኋላ አለ ማለት ነው። እሱ ካለ ደግሞ የሞተው ሌላ ሰው ነው።

ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። "ገነቴን! ማታ ሳትደውል የቀረችው ለዚህ ነው! ገነቴን ልጄን!"

ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ሌሊቱን የያዙትን ለቀቁት። ወንዶቹም አለቀሱ። ቤቱ በልቅሶ ተናወጠ። እሳቸው ለገነት ያለቅሳሉ፤ እኛ ለደረጀ እናለቅሳለን። እኛ ባለቀስን ቁጥር እሳቸው የባሰ ያምናሉ።

"ደሬ! ና ያዘኝ እንጂ! እህትህ ናት! ግባ፣ የት ነህ?" እያሉ ወደ በሩ ይጣራሉ።

ጋሽ ከበደን አየኋቸው። ግድግዳውን ይዘው ቆመዋል፤ ራሳቸውን ወደ እኔ ነቀነቁ፣ አልችልም ማለታቸው ነው። የንስሐ አባታችንም መስቀላቸውን ጨብጠው ያለቅሳሉ። እንደ ሁልጊዜው እማማን የያዝኳቸው እኔ ነኝ። ከጎኔ የሚናገረው ሰው ግን የለም።

ተንበርክኬ ሁለቱንም እጃቸውን ያዝኩ።

"እማማ፣ ገነት ደህና ናት።"

ልቅሷቸው ቀጥ አለ። "ምን አልሽ?"

"ገነት በሕይወት አለች። ምንም አልሆነችም።"

"በማርያም?"

"በማርያም።"

ወለሉ ላይ ተደፉ። የተሰበረው ብርጭቆ አጠገብ ግንባራቸውን አስነክተው "ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! ልጄን መለስክልኝ!" አሉ። ደጋግመው አሉት። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቶ ነበር። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ቆጣ አሉብን። "ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የምታስደነግጡኝ?"

ለአፍታ ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያው ባሉበት፣ በዚያ ደስታ ውስጥ ጥቂት እንዲቆዩ ፈልጌ ነው። ዓይናቸው እንደገና ወደ በሩ ሄደ። በሩ ክፍት ነው፤ የሚገባ ሰው የለም።

"ደረጀ ነው፣ እማማ" አልኩ።

አልጮኹም። "የቱ ደረጀ?" አሉኝ።

"የእርስዎ።"

ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩ። ከዚያ ክብደታቸው በሙሉ እጄ ላይ መጣ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ለእኛ ሳይሆን ለእሱ ነው የሚናገሩት። "የሰውን ሁሉ መርዶ ስትነግር ኖረህ የእናትህን ለማን ተውከው? ማን ያረዳልኛል አልክ? እኔስ አንተን እየጠራሁ..." ከዚያ በኋላ ያሉትን አልጽፈውም።

ልባቸው ግን ቻለው። ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ገነትም ማታውን፣ እዚያ ሲነጋ፣ ናዝሬት ቤቷ ውስጥ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ተነግሯት ነበር። ሬሳው አገር ይግባ ወይስ እዚህ ይቀበር ሲባል እማማ አስካለ እዚህ ይሁን አሉ። ምክንያታቸውንም ተናገሩ፤ "አገር ቤት ቢሄድ መቃብሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ማን ነው? የሚያውቁት ሁሉ እዚህ ናቸው።" ቀብሩ ላይ ያልመጣ አልነበረም። ሶማሌዎቹና ኤርትራዊያኑ ሾፌሮች፣ ከሱቁ ጎን ሣር የሚያጭዱት ሜክሲኮዎች፣ ሁልጊዜ ጎማዋን በነፃ የሚሞላላት ነጭ አሮጊት ሳይቀሩ መጡ።

አሁን ስልኩ የሚደወለው ለእኔ ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም አልሾመኝም። ከአገር ቤት የማላውቀው ሰው ደውሎ "የእገሌ ልጅ እናንተ ጋ አለች አሉኝ" ይላል። ሰው እሰበስባለሁ። መኪናችንን ርቀን እናቆማለን። የማልናገረው ሴት እናገራለሁ። እናንተም አንድ ቀን ይህ ነገር ይደርሳችሁ ይሆናል፤ ስለዚህ ከዚያ ጠዋት የተማርኩትን ልንገራችሁ። ሰው ቤት ተሰብስባችሁ ስትገቡ ዝም ብላችሁ አትቁሙ። የምታዝኑ መስሏችሁ ቀድማችሁ አታልቅሱ። ዝም ባላችሁ ቁጥር ያ ሰው በልቡ የሚወዳቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እየገደለ ነው። አጠገቡ ተቀመጡ፣ እጁን ያዙና የሟቹን ስም ጥሩለት። ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ዓርብ ጠዋት የበላሁትንም ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ባረኩኝ።

አንድ ነገር ግን አልለቀቀኝም፤ እማማ አስካለንም አልለቀቃቸውም። ከአርባው በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ በድንገት ጠየቁኝ።

"ያን ጠዋት ተመስገን ብዬ ነበር፣ አይደል?"

"ብለዋል፣ እማማ።"

"ልጄ ሞቶ ሳለ።"

"ለገነት ነው ያሉት። የደረጀን ገና አልሰሙም ነበር።"

"ለገነት ነው" አሉ። "ግን ለገነት ብዬ ለደረጀ አልልም ማለት አልችልም። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው። ስጦታውን ሲሰጠኝ አመስግኜ ሲወስድብኝ ዝም ልበል? ግን አፌ እምቢ አለኝ። ገነትን ስጠራ ይወጣል፣ የእሱን ስም ስጠራ አይወጣም።"

አጠገባቸው ቆየሁ።

ባለፈው ወር ወደ ናዝሬት፣ ወደ ገነት ሄዱ። ኤርፖርት ያደረስናቸው እኔና ጋሽ ከበደ ነን። በተሽከርካሪ ወንበር ሊወስዷቸው ሲሉ አፋቸውን ወደ ጆሮዬ አስጠጉ። "ስለ እሱ ለማመስገን በየጠዋቱ እየሞከርኩ ነው" አሉኝ። "እስከ ጉሮሮዬ ይደርሳል። አንድ ቀን ይወጣል።" ከዚያ ወሰዷቸው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ደረጀን የምታውቁ ሰዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጎማችሁን የሠራላችሁ፣ ሥራ ያገናኛችሁ፣ በሐዘናችሁ ጠዋት በራችሁን ያንኳኳላችሁ ሁሉ፣ እሱን ስለሰጠን ተመስገን ማለት የምትችሉ ከሆነ በሉ። እናቱ እስኪችሉ ድረስ እናንተ በሉላቸው።